በመጨረሻው ጥቅል ላይ የጨመርሁት ቃል

ባለፈው መስከረም የድሮ መሥሪያ ቤቴ መጋዘን ሊጸዳ ነው ብለው ጠሩኝ። ፍኖተ ሰላም ካለው ቤቴ እስከዚያ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ዱላዬን ይዤ ሄድሁ። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ጓንት አጥልቃ፣ ዝገት የበላቸውን ክብ ቆርቆሮዎች በረንዳው ላይ ደርድራለች። አንዱን ስትከፍተው የኮመጠጠ ሽታ ወጣ። ፊልም ሲያረጅ እንዲህ ይሸታል።

«እማማ፣ ይኼ ምንድን ነው? ይጣል ወይስ ይቀመጥ?» አለችኝ።

ክዳኑ ላይ የጋሽ ይግዛው የእጅ ጽሕፈት አለ፤ ሰባት ቁጥር። የመጨረሻው ጥቅል ነው።

«አርጅቷል፤ ከእንግዲህ አይሠራም» አልኋት።

«ምን ነበር ግን?»

«ለገበሬ መሬት ስለተዋጋ አንድ የሜክሲኮ ሰው የተሠራ ነው።»

መዝገቧ ላይ «የውጭ አገር ፊልም» ብላ ጻፈችና ወደሚቀጥለው አለፈች። እኔም ዱላዬን አንሥቼ ወጣሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን መንገዱ ረዘመብኝ። የምጽፈው ያን ቀን ያልነገርኋትን ነው።

የተወለድሁት ቡሬ ሲሆን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስሁት ፍኖተ ሰላም ነው። በዚያ ዘመን የተንቀሳቃሽ ሲኒማ ክፍል እንግሊዝኛ የሚያነብ፣ ድምፁም የሚሰማ ሰው ይፈልግ ነበርና ተፈትኜ ገባሁ። ደመወዙ ትንሽ፣ አበሉ የዘገየ ነበር፤ ያን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። ሥራችን ጄኔሬተር፣ ፕሮጀክተር፣ ድምፅ ማጉያና አንድ ሰፊ አቡጀዲ መኪና ላይ ጭነን ከገበያ ገበያ መዞር ነበር። ፊልሞቹ በውጭ ቋንቋ ስለሚናገሩ እኔ ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጬ በማይክራፎን በአማርኛ እተርካለሁ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ጋሽ ይግዛው ነበሩ። ሥራ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ይግዛው ቀጭን፣ ንግግራቸው የተቆጠረ ሰው ነበሩ። ፊልም ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ብርሃን የሚያልፍባትን ትንሽ መስኮት በዶሮ ላባ ይጠርጓታል። አንዲት ፀጉር እዚያ ከቀረች አቡጀዲው ላይ ገመድ ታክላለችና። ፊልም ሲበጠስ ጫፉን በምላጭ ፍቀው፣ ማጣበቂያ ቀብተው፣ በሁለት ጣት ጨብጠው ሦስት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። ከዚያ በፊት ጣታቸውን አያነሱም። መጀመሪያ ሰሞን ፊልሙን በመዳፌ ጨብጬ ስስብ ደረሱብኝ።

«በጠርዙ ያዢው እንጂ» አሉኝ። «አንቺ ፊትሽን ሲነካኩሽ ትወጃለሽ?»

ስለ ትረካም አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ድምፅ ከሥዕል አይቀድምም። ፈረሱ ሲወጣ ያኔ «ፈረሱ ወጣ» ይባላል። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከልኝ የትረካ ጽሑፍ የስብሰባ ቃል የበዛበት ነበር። በመጀመሪያው ቀን እንዳለ ሳነብበው ከፊት የተቀመጡት ገበሬዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው አንቀላፉ። ጋሽ ይግዛው ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አጠፉት። «ይኼን ለአለቃችን አስቀምጪላቸው። ለዚህ ሰው የአባትሽን አገር ቋንቋ ተናገሪ» አሉኝ። አለቃችን የተመልካች ብዛት በቅጽ ተሞልቶ እስከቀረበላቸው ድረስ የምለውን አይጠይቁም ነበር።

ከፊልሞቻችን ሁሉ ሰው የሚወደው የሜክሲኮውን ነበር። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሰባት ጥቅል። ባለርስቶች የመንደሩን መሬት ይነጥቃሉ፣ ገበሬው የርስት ደብዳቤውን ይዞ ቢጮኽ የሚሰማው ያጣል፣ አንድ ፈረሰኛ ይነሣል። በመጨረሻ ወዳጅ መስሎ የጠራው መኮንን ያስገድለዋል።

የእኛ ሰው ዝም ብሎ አያይም። ሰፊውን ባርኔጣ ሲያዩ «ምነው ይኼ ሰው የዝናብ ገሳውን በራሱ ላይ ደፋው!» ይላሉ። የበቆሎ ማሳ ሲወጣ ደግሞ ጭብጨባ ነው፤ «በቆሎ በላተኛ ነው፣ የኛ ሰው ነው!» ቦታ የጠበባቸው ከአቡጀዲው ጀርባ ዞረው ስለሚያዩ ሥዕሉ ይገለበጥባቸዋል። ፊልሙ አልቆ ሰዉ ሲቀላቀል ሙግቱ ይጀመራል።

«ግራኝ ነው፤ ጎራዴውን በግራው ነው የመዘዘ!»

«አንተ ኸጀርባው ተቀምጠህ ምን ልታይ! ቂጡን አይተህ ፊቱን ትመሰክራለህ?»

ዱርቤቴ ገበያ ላይ አንድ ሽማግሌ ማይክራፎኑ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ይኼ ሰው የፈረስ ስም የለውም? ስም የሌለው ፈረሰኛ ኸየት ይመጣል?» አሉኝ። ጋሽ ይግዛውን ባያቸው ማሽናቸውን እያዩ ፈገግ ብለዋል። «አባ መልስ ይባላል» አልሁ፤ የነጠቃችሁትን መልሱ የሚል ነውና። ሽማግሌው ረክተው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ በየደረስንበት «አባ መልስን አምጡልን» መባል ሆነ። የሰውየውን እውነተኛ ስም የሚያስታውስ አልነበረም።

ያን ጊዜ ይናፍቀኛል። ዛሬ መንገዱም እንደ ልብ አያስኬድም፤ ሰውም ፊልሙን በኪሱ ይዞ ይዞራል። እኔን የሚናፍቀኝ ጀንበር ጠልቃ ጄኔሬተሩ ሲነሣ፣ አቡጀዲውን ነፋስ ሲገፋውና ሰዉ አንድ ላይ «እሽሽ» ሲባባል የነበረው ነው።

ጋሽ ይግዛው አቡጀዲ ከመትከላቸው በፊት የሚያደርጉት ነገር ነበር። ብቻቸውን ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደው፣ ተቀምጠው፣ ስለ ዝናቡም ስለ ከብቱም ጠይቀው ሲያበቁ «ሐዘን የገባበት ቤት አለ?» ይላሉ። ካለ አባ መልስ ከሣጥኑ አይወጣም፤ የከብት መዥገር ፊልም ይታያል። ሐዘን በሌለበት መንደር እንኳ የሰውየው ሞት ላይ ስንደርስ እጅጌዬን ይቆነጥጡኛል፤ ማይክራፎኑን እዘጋለሁ።

«ለምን?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ሞቱ በሥዕል ይበቃል። ኸዚህ ጡሩምባ የሚወጣ ነገር የመንግሥት ቃል ነው። መርዶ ደግሞ በጡሩምባ አይነገርም» አሉኝ።

በሦስተኛው ዓመቴ፣ በመስኖ ወራት፣ ጋሽ ይግዛውን ወባ ይዟቸው ቡሬ ተኙ። ከማንኩሳ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ላለ ቀበሌ ቀን ተይዞ ነበር። እኔ ማሽኑንም ለምጄው ስለነበር ከሹፌሩ ጋር ሄድሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ብቻዬን ማሳየት እንደምችል እንዲታይልኝ ፈልጌ ነበር።

ሽማግሌዎቹን ጠየቅሁ። ነገሩኝም። አበረ የሚባል የመንደሩ ልጅ ሰሜን ዘምቶ መርዶው መጥቷል። ሬሳውን ያየ የለም። እናቱ እቴቴ አንጓች ተስካሩን ሊያወጡ ሁለት ሳምንት ቀርቷቸዋል። ሚስቱ ይርገዱ ገና ሃያ ያልሞላት፣ ልጅ ያልወለደች ናት፤ ተስካሩ ሲወጣ አባቷ መጥቶ ወደ አገሯ ሊወስዳት ተስማምተዋል።

የመዥገሩን ፊልም አወጣሁ። ማንኩሳ ገበያ ላይ አባ መልስን ያዩ ጎረምሶች ግን ተነሡብኝ። «መዥገር እኛም ቤት ሞልቷል! መዥገር ልናይ ነው ሁለት ሰዓት የተጓዝን?» ሰዉ ሳቀ። ሽማግሌዎቹም «ሐዘንተኛ ኸቤቷ አትወጣም፤ ግድ የለም፣ አሳዪ» አሉኝ። ሣጥኑን ከፈትሁ።

እቴቴ አንጓች ግን ወጥተው ነበር። የመንግሥት መኪና መምጣቱን ሰምተው፣ ስለ ልጃቸው ሌላ ወሬ ይዞ ይሆን ብለው ነው የመጡት። ባሕር ዛፉ ሥር ከይርገዱ ጋር ቆመው፣ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው፣ ስድስቱን ጥቅል አዩ። እኔ አላየኋቸውም። ሰባተኛው ላይ ወታደሮቹ የአባ መልስን ሬሳ አምጥተው አደባባይ ላይ ሲያጋድሙት ማይክራፎኑን እንደተማርሁት ዘጋሁ። ያኔ ከባሕር ዛፉ በኩል የሴት ድምፅ መጣ።

«ሸፍኑት! ባለቤት የለውም? ኧረ ሸፍኑት!»

መንደሩ በአንድ ጊዜ ፈረሰ። ሴቶቹ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ፣ ወንዶቹም ተነሥተው ቆሙ። ፊልሙ ይዞራል፤ ሬሳው ተጋድሟል። ማሽኑን ማጥፋት እችል ነበር። ዝም ማለትም እችል ነበር። እኔ ግን ማይክራፎኑን ከፍቼ እንዲህ አልሁ፦

«አታልቅሱ! የተገደለው እሱ አይደለም፤ የእሱ መሳይ ነው። አባ መልስ በሕይወት አለ፤ ተራራው ላይ ነው።»

ልቅሶው ቆመ። አንድ ሰው እልል አለ። እኔም ከበደኝ ብዬ የፈራሁትን ነገር በአንድ ቃል ማንሣቴ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት አቡጀዲውን ስናጥፍ እቴቴ አንጓች መጡ። ይርገዱ ከኋላቸው ነበረች።

«ልጄ፣ እንዴት አደርሽ?» አሉኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ሬሳው የሌላ ሰው መሆኑ በምን ታወቀ?»

አሁንም መንገድ ነበረኝ። «ፊልም ነው፤ እኔ ነኝ ያልሁት» ማለት ይበቃ ነበር።

«በጣቱ» አልሁ። «የእሱ ትንሽ ጣት ጠባሳ ነበራት። ሬሳው የለውም።»

«ማን አየው?»

«የአገሩ ሰዎች።»

አሰቡና «የኔን ልጅ ጣት ማንም አላየልኝም» አሉ። መርቀውኝ ሄዱ። ይርገዱ ትንሽ ዘግይታ «እትዬ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። እኔ የገመዱን ቋጠሮ እፈታ ነበር። ቀና አላልሁም።

ሌሎች ቀበሌዎችን አዳርሰን ቡሬ ስንመለስ ሁለት ሳምንት አልፎ፣ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ተስካሩ ቀርቷል፤ እናትየው «መንግሥት ራሱ ተሳስቻለሁ ብሏል፣ ልጄን እጠብቃለሁ» ብለዋል። የይርገዱም አባት በቅሎውን ይዞ መጥቶ፣ ባሏ ያልሞተ ሴት አትወሰድም ተብሎ ባዶውን ተመልሷል።

ለጋሽ ይግዛው ሁሉንም ነገርኋቸው። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከወባው ገና አልተነሡም።

«ፊልሙ ላይ አለ?» አሉኝ።

«የለም።»

«ወረቀቱ ላይስ?»

«የለም።»

«እንግዲያ የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ ጋሼ።»

«የራስሽን ሂጂና አምጪው» አሉና ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

እሄዳለሁ አልሁ። አልሄድሁም። ፕሮግራሙ ወደ አዴት ዞረ፣ ከዚያ ወደ ዱርቤቴ፤ ክረምት መጣ፣ አለቃ ተለወጠ። ሰበብ ለማግኘት ብዙ መፈለግ አላስፈለገኝም። ጋሽ ይግዛው በየጊዜው «ማንኩሳ ደርሰሻል?» ይሉኛል። «በሚመጣው ወር» እላለሁ። ኋላ መጠየቁን ተዉት። እንደ ድሮው ሥራ ያዙኛል፣ ማጣበቂያ አቀብዪኝ ይሉኛል፤ ሞቱ ላይ ስንደርስ ግን እጅጌዬን መቆንጠጥ ቀረ። ያን ያህል የከፋኝ ቅጣት በሥራ ዘመኔ አልደረሰብኝም።

ሦስት ዓመት ሞላ። አንድ ቀን ከማንኩሳ ገበያ የመጣች የማውቃት በርበሬ ነጋዴ ስለዚያ ቀበሌ ስታወራ «ያቺ የአበረ ሚስት መላ ሰውነቷ አለቀ። አሮጊቷ በየሳምንቱ ቅዳሜ ማንኩሳ ድረስ አስከትለዋት እየወጡ፣ ኸአውቶቡስ የሚወርደውን ወታደር ሁሉ ጣቱን ያያሉ» አለች። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ሄድሁ።

እቴቴ አንጓች ደጃፋቸው ላይ በርበሬ አስጥተው ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ፊቴን አላወቁትም፤ «እንደምን ዋሉ» ስል ግን በድምፄ ለዩኝና እጃቸው ቆመ።

«እቴቴ፣ ያ ቃል የኔ ነበር» አልሁ። «ፊልሙ ላይ ሰውየው ሞቷል። ስለ ጣት የሚናገር ነገርም የለበትም። ሰዉ ሲያለቅስ ደንግጬ ፈጠርሁት። አበረን አላውቀውም፤ ስለ እሱም የሰማሁት ነገር የለም።»

የተበላሸ በርበሬ አንሥተው ወደ ጎን ጣሉ። ሌላም አነሡ።

«መርዶ እንዲህ ነው ወይ የሚነገር?» አሉኝ በመጨረሻ። «በቀትር፣ በደጃፍ፣ አንዲት ሴት ብቻዋን መጥታ? ያን ቀን ለአገር ሁሉ በጡሩምባ ተናግረሽ፣ ዛሬ ለኔ በጆሮዬ? ሂጂ፤ ሽማግሌዎቹን ጥሪ። ጠዋት ኸነሰዉ ነይ።»

ጎረቤት አደርሁ። ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹ፣ ሴቶቹ፣ ያን ጊዜ የመዥገር ፊልም እንቢ ያሉት ጎረምሶች ጭምር፣ በአጥሩ በር ቆመን እቴቴን አስጠራናቸው። ወጥተው ምሰሶውን ይዘው ቆሙ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ አዩ። በድምፄ የተቀጠርሁ ሰው ነኝ፤ ያን ጠዋት ግን ቃሉን ሁለት ጊዜ ጀመርሁት።

«እቴቴ፣ መጀመሪያ የመጣልዎት መርዶ ነው የሚታመነው። እሱን የሻርሁት እኔ ነኝ። ከመንግሥት አልመጣም፤ ከራሴ ነው። በሰዉ ሁሉ ፊት ውሸት ነበር እላለሁ።»

የቀረውን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተቀበሉኝ። «አንጓች፣ ልጅሽን እግዚአብሔር ወስዶታል። አበረ የለም።»

ነጠላቸው ወደቀ። «አበረ!» አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ በልቅሶ ስሙን አልጠሩትም ነበርና ያን ጠዋት ጠርተው አልጠግብ አሉ፤ በሕፃንነት ስሙ፣ በክርስትና ስሙ፣ በበሬዎቹ ስም እያደረጉ። ይርገዱም ከጓዳ ወጥታ ከጎናቸው ወደቀች።

ስሄድ እቴቴ አንጓች አላዩኝም። ግን ለመንገዷ በሶ ስጧት ብለው ኖሮ፣ አንዲት ጎረቤት በጨርቅ ቋጥራ አጥሩ ላይ ሰጠችኝ።

ለጋሽ ይግዛው «ማንኩሳ ደርሼ መጣሁ» ስላቸው ማሽኑን እየፈቱ ነበር። «ምሳ በልተሻል?» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። በዚያ ሳምንት ቡሬ ላይ አባ መልስን ስናሳይ፣ ሰውየው በሚወድቅበት ቦታ እጅጌዬን ያዙኝ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት አብረን ሠራን። ሲያርፉ አዴት ነበርሁና አልደረስሁም። ቪዲዮ ቤት በየከተማው ሲከፈት ክፍላችን ተዘጋ፤ እኔ መዝገብ ቤት ተዛውሬ እስከ ጡረታ ቆየሁ። መዝገብ ቤት ጥሩ ሥራ ነው። ማንም ድምፅሽን አሰሚን አይልም።

አንድ ነገር ግን ለጋሽ ይግዛውም አልነገርኋቸውም። የአበረ ተስካር የወጣ ዕለት ሄጄ ነበር። ሰዉ ሲበተን የይርገዱ አባት ሣጥኗን በበቅሎ ጭኖ ቀደመ፤ እሷና እኔ እስከ ማንኩሳ መንገድ ከኋላው ሄድን። ጥቁር ልብሷ ላይ አዲስ መቀነት ታጥቃለች። ይቅርታ ልላት ቃል ስመርጥ እሷ ቀደመችኝ።

«እትዬ፣ ያ አባ መልስ ሚስት ነበረችው?»

«ነበረችው።»

«ኋላ ምን ሆነች?»

መልሱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ደግ ሰው አገባች፣ ልጆች ወለደች፣ በቆሎዋም አማረ ልላት። ዓይኗ የሚፈልገው ያንን ነበር፤ እኔም እንዲህ ያለውን ነገር በሚገባ መናገር እችል ነበር።

«አላውቅም» አልኋት። «ፊልሙ አያሳይም።»

ቆማ አየችኝ። ከዚያ ራሷን ነቀነቀችና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አባቷ አገር የሚወስደውን ቁልቁለት ያዘች። ቀስ ብላ አልነበረም የሄደችው። በቅሎውን ደረሰችበት፤ አልፋውም ሄደች።